ዴልማር የጠገነው ማድረቂያ

ዴልማር ስታምፐር እጁን የማያስገባበት የተበላሸ ዕቃ አልነበረም፤ በእሱ እጅ የዳነ ዕቃ አለ ብሎ የሚምል ሰው ግን በኬንተኪ ተራሮች ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም። እንጀራው የካውንቲውን የጠጠር መኪና መንዳት ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ካቻቪቴና ጥቁር ናስትሮ ይዞ መሐንዲስ ይሆናል። የልብስ ማጠቢያውን ከጠገነው ወዲህ ማሽኑ በእጅ ሲነኩት ስለሚነዝር፣ ቤተሰቡ የሚያጠፋው በእንጨት ማንኪያ ነው። ልጁ ታውንያ ትንሽ ሳለች ጓደኛዋ ቤት አድራ፣ የጓደኛዋን እናት “የማሽኑ ማንኪያ የታለ?” ብላ ጠይቃ አገር ሲስቅ ከርሟል። ያልሳቀው ዴልማር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ልማር ያለችው የዚህ ሰው ሚስት ናት። ቮንዳ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሱፐርማርኬት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሥጋና አይብ ስትቆርጥ እግሯ አልቋል። ሙያ በልብ ብላ ስትጠይቅ፣ ስታጣራ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ቦሎቄውና የበቆሎ ዳቦው እንደቀረበ ነገሩን አወጣችው። ትምህርቱ የማታ ነው፣ ሁለት ዓመት። ምዝገባው ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ያበቃል። ታውንያ የማታ ተረኛ ስለሆነች ሕፃን ልጇን ኦፓልን የምትይዘው ቮንዳ ናት፤ እሷ ከተማረች አያትየው መያዝ አለበት። እሱ እሺ ካላለ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው።

“ስንት ይፈጃል?” አለ ዴልማር።

“ግማሹን መንግሥት ይችለዋል። ግማሹ አንተ ለጀልባህ ሞተር ያስቀመጥከው ነው።”

ዴልማርን ዳቦው አነቀው። “በጀልባዬ መጣሽ!”

“ጀልባዋ ውሃ ካየች ስንት ዘመኗ! ትንሽ ብትታገስ ምን ትሆናለች?”

“ቀዳዳዋን የደፈነው እሱ አይደል እንዴ?” አለ የቮንዳ ወንድም ሮይስ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይጠሩት ለምሳ የሚከሰት ሰው ነው። “ውሃ ባታይ ለሕይወቱ ነው።”

“አንተ ብላ፣ ዝም በል! ትርፉስ፣ ቮንዳ?”

“ስመረቅ ደሞዜ እጥፍ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መገተርም ይቀርልኛል።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ማሽን የሚጠግን ሰው እኮ መሬት ላይ ተንጋሎ ነው የሚሠራው።”

“ብንጋለልስ? ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ።”

“አብረውሽ የሚማሩት ጎረምሶች ናቸው። አያቴ ነው የሚሉሽ።”

“አያት ነኝ እኮ።”

ዴልማር ሳህኑን ገፋ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያስጨነቀው ጀልባውም ሞተሩም አልነበረም። ቮንዳ ተምራ ከመጣች የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ትከፍታለች፤ ከፍታ ውስጡን ታያለች፤ ናስትሮ በናስትሮ ላይ። በዚህ ቤት አንድ ነገር ሲቆም የሚጠራው ስም የእሱ ነው። ያ ከቀረ ለዚህች ሴት ምኗ ነው? ይህን ከመናገር የጠጠር መኪናውን ገደል መስደድ ይቀለዋል።

“ለመጠገን ኮሌጅ ምን ያደርጋል?” አለና ተነሳ። “የልብስ ማድረቂያው ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል አይደል? አሁን አስነሳዋለሁ። ካስነሳሁት ኮሌጁ ይቅር። ካቃተኝ ተመዝገቢ።”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ የእህቴ ባል!” አለ ሮይስ።

ቮንዳ ሰዓቷን አየችና “ይሁን” አለች። ባሏን ታውቀዋለች፤ መመዝገቧን አልተጠራጠረችም።

የማድረቂያው ጀርባ ተፈታ። ካቻቪቴው ወደቀ፣ ተፈለገ፣ ተገኘ። ሁለት ብሎኖች የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቀሩ። ዴልማር አንዱን ሽቦ ከሌላው ጋር ጠመዘዘ፣ ናስትሮውን በጥርሱ እየቆረጠ ጠቀለለ። ከዚያ ማሽኑ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዞረ።

ዞረ ብቻ ሳይሆን ሞቀ። ሮይስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዴልማር “እህሳ!” ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም።

ቮንዳ ኦፓልን ታቅፋ መጣች። ማሽኑን አየችው፣ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። ዴልማር ያን ፊት ሲያይ ድሉ አፉ ላይ መረረው።

“ቃል ቃል ነው” አለች ቀስ ብላ። ሕፃኗን ወለሉ ላይ አስቀምጣ እርጥቡን ልብስ ልታመጣ ዞረች።

ኦፓል ደግሞ የሚያጉረመርመውን፣ የሚሞቀውን ነገር አየችና በደስታ እየዳኸች ወደ እሱ ገሰገሰች። ትንሿ እጅ ወደ ማሽኑ ስትዘረጋ ዴልማር ዘሎ አፈፍ አደረጋት። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። እሱ ደረቱ ላይ ለጥፏት ቆመ።

“ምነው?” አለች ቮንዳ። “ተሠርቷል አላልክም እንዴ?”

ዴልማር እጁን ሰዶ ማድረቂያውን ከሶኬቱ ነቀለው። ሮይስ፣ አፈኛው ሮይስ እንኳ፣ መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?”

“ምኑን?”

“እንደማልችል።”

“ከተጋባንበት ዓመት ጀምሮ።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?”

“አንተ ጨርሰህ ስትነሳ ፊትህን አታየውም” አለችው። “የማየው እኔ ነኝ።”

ዴልማር የሚገባበት ጠፋው። አፈረ፤ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ሲታይ መኖሩ ደስ አለው። ኦፓልን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወራት።

“ሂጂ፣ ይዘጋብሻል” አላት። “ልጅቷ እኔ ጋ ናት።”