ሁለት በሽተኛ በአንድ ጣሪያ

የኮሶዬው ገበሬ አያ ዳኛው ሽንቱ ደም ሆኖ ሲወርድ ባየ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በእግሩ አፈር መመለስ ነበር። ሚስቱ አባይነሽ ከዓመት በፊት ስትሮክ መቷት፣ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት አልጋ ላይ ነበረች። የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ ወደ ፀሐይ የሚያወጣት እሱ ነው። እኔም ታመምሁ ካልሁ ማን አላት እያለ፣ በደሙ ላይ አፈር እየመለሰ ክረምቱን አሳለፈ።

በጥቅምት ሽንቱ ጭራሽ ተዘጋ። አጨዳ ላይ ማንም የማይቀድመው ሰው አጥሩን ይዞ እንደ ወላድ ሲያምጥ ጎረቤቱ እንኳየሁ አገኘችው። ጎንደር ላለችው ልጁ ለዳግማዊት የደወለችውም፣ እስኪመለስ አባይነሽን እኔ እጠብቃለሁ ያለችውም እሷ ናት።

ጎንደር ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ፊኛው ውስጥ ዕጢ እንዳለ ነገረው። ሆዱን ሳይቀዱት፣ ከወገቡ በታች አደንዝዘው፣ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ዕጢውን ፋቁት፤ ናሙናውን ለምርመራ ላኩ፣ ሽንቱም በቱቦ ወደ ከረጢት እንዲወርድ አደረጉ።

«ክፉው ዓይነት ይመስላል፤ ግን ሥር የሰደደ አይመስለኝም» አለው ሐኪሙ። «ጠባዩ ተመልሶ መምጣት ነው፤ በየጊዜው በካሜራ እናየዋለን። እስከዚያ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ከባድ ነገር ደግሞ እንዳያነሱ።»

«ሚስቴ ከባድ ነገር ናት?»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም።

ዳግማዊት ከፒያሳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። አልጋዋን ለአባቷ ለቀቀችለት። «ቱቦው እስኪወጣ፣ ቁስሉም እስኪሽር ከዚህ ንቅንቅ የለም» አለችው።

«እናትሽስ?»

«አጎቴ አወቀ ድብ ባሕር ሊወስዳት ነው። ተነጋግረናል።»

«ማን ከማን ጋር?»

«እኔና እሱ።»

«እሷንስ ያነጋገራት አለ?»

ዳግማዊት ብርድ ልብሱን ሳበችለት። በማግስቱ ማለዳ ዳኛው የሽንቱን ከረጢት ጭኑ ላይ አሰረ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ዱላውን አነሳና ወጣ። ልጁ መናኸሪያ ድረስ እየተቆጣች ተከተለችው፤ እንደማይመለስ ስታውቅ አብራው የደባርቅ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

ኮሶዬ ሲደርሱ ደጁ ላይ ማኪና ቆሟል። የአባይነሽ ወንድም አወቀ ከድብ ባሕር ተከራይቶ መጥቷል፤ የንስሐ አባታቸውን አዛውንቱን ቄስም ለሽምግልና ይዟቸዋል።

«አያ ዳኛው፣ እንኳን እግዜር ማረህ» አለ አወቀ። «አንተ ልጅህ ዘንድ ታገግማለህ፤ እህቴን እኔ እወስዳታለሁ። ሁለት በሽተኛ ባንድ ቤት እንዴት ይሆናል?»

«እንደ እስከ ዛሬው ነዋ።»

«ምነው አያ! ሰውስ ምን ይላል? ወንድ ልጅ ሚስቱን ሲያጥብ፣ ማጀት ገብቶ ወጥ ሲያማስል! እኛንም አሰደብኸን እኮ።»

ዳኛው ጋቢውን ገለጠ። ደም የቀላቀለው ሽንት ከረጢቱ ውስጥ ታየ። አወቀ ፊቱን አዞረ።

«አትዙር፣ እይ! ነውር ካልህ ይኸውልህ። ይህን ታጥቄ ከጎንደር እዚህ ድረስ መጣሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን አልሞትሁም። ታዲያ የገዛ ሚስቴን ማጠብ ነው የሚያሳፍረኝ?»

«ልጄ፣ አወቀ ለክፉ ብሎ አይደለም» አሉ ቄሱ።

«አውቃለሁ አባ። በቁርባን ሲያጋቡን እስክትታመሙ ድረስ ብለው ነበር?»

«አላልሁም» አሉ ቄሱ።

ከውስጥ የአባይነሽ ድምፅ መጣ። ከታመመች ወዲህ ቃል ከአፏ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። «አወቀ... ና።» ገባ። «ገብስ ነኝ?»

«ምን አልሽ እቴ?»

«ገብስ ነኝ ወይ... ሳትጠይቀኝ... የምትጭነኝ?» ተንፈስ አለች። «ማኪናውን መልስ። አንተ ግን... ምሳ በልተህ ሂድ።»

አወቀ ምሳውን ሳይበላ ሄደ።

ቱቦውን ጤና ጣቢያ አወጡለት። ከዚያ በኋላ ሽንቱ እንደ በርበሬ እያቃጠለው፣ ጥርሱን ነክሶ ሥራውን ቀጠለ። ዳግማዊት ጥቂት ሰንብታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አንድ ማለዳ ዳኛው ፀሐዩ ሸጋ ሆኖ ታየውና፣ የሐኪሙን ቃል ረስቶ ይሁን ንቆ፣ አባይነሽን እንደ ድሮው አቅፎ አነሳት። ደጃፍ አድርሶ ካስቀመጣት በኋላ ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ደሙ ተመልሶ ነበር።

አባይነሽ አላለቀሰችም። ተቆጣች።

«ልትገድለኝ ነው? አንተ ከሞትህ... በሉ ጫኗት ነው የሚሉኝ! ሁለተኛ ብታነሳኝ... እነክስሃለሁ!» በግራ እጇ የውሃውን ጆግ ገፋችለት። «ጠጣ!»

ጠጣ። ሲያርፍ ጆጉን ትገፋለች፣ ደግሞ ይጠጣል። ውሎ ውሎ ሽንቱ ሮዝ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ሆነ። ያኔ ነው አባይነሽ እፎይ ብላ የተናገረችው።

«የኔ ግራ ጎን ይሠራል። ያንተ እጅ ይሠራል። ምነው ሁለታችን ተደምረን... አንድ ሰው አይወጣንም?»

በማግስቱ ዳኛው የአልጋውን እግሮች በመጋዝ አሳጠረ፤ ዝቅ ካለ እግሯ መሬት ይረግጣል። ከጣሪያው ወራጅ ላይ የበሬ ጠፍር አንጠለጠለ፤ በግራ እጇ ይዛ እንድትነሳበት። እሱ ከጎኗ ይቆማል፣ ይደግፋታል፣ አያነሳትም። መጀመሪያ ወደቀች፤ ከንፈሯ ደማ። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጥርሷን አሳየችውና ተወ። መሬት ላይ ተቀምጣ ጠፍሩን እየረገመች ቆየች፤ ከዚያ እንደገና ያዘችው። ገብሱ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ እሷ ወንበር እየገፋች፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ደጃፍ ድረስ በራሷ ትወጣ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው በደጃቸው ያልፋል። ዳኛው ሆን ብሎ መንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል፤ አባይነሽ አጠገቡ ምስር ትለቅማለች፣ አላላጡንም ትነቅፋለች። አንዱ ቀልደኛ ከመንገድ ጮኸ፦

«አያ ዳኛው፣ ከገበያ ቀሚስ ላምጣልህ?»

«አምጣልኝ! ሰፋ ያለ ይሁን፣ ቁስሌን እንዳይነካኝ!»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አባይነሽ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀሚስ ያነሳ የለም።

አጨዳው ሲደርስ ዳኛው አጎንብሶ መዋል አልቻለም፤ ሰው መለመንም አልሆነለት። አንድ ጠዋት ብቅ ሲል አወቀ ማጭዱን ይዞ ማሳው ውስጥ ገብቷል። ሰላምታም አላበዛ። ቀትር ላይ ገብቶ ዳኛው የሠራውን ሽሮ ቀመሰ።

«ጨው በዝቶበታል።»

«ነገ አንተ ትሠራለህ» አለው ዳኛው። አወቀ አቀርቅሮ ሳቀና እንጀራውን ጠቀለለ።

ከጥምቀት በኋላ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባይነሽ አብሬህ ካልሄድሁ አለችና አብረው ጎንደር ወረዱ። በካሜራ ሲታይ ዕጢው እንደገና በቅሎ ተገኘ፤ ትንሽ ነበረች፣ እዚያው አቃጠሏት። የፊተኛው ናሙና ውጤትም መጥቶ ነበር፤ ሐኪሙ እንደገመተው ሥር አልሰደደም። ዳኛው ከተኛበት ተነስቶ ኮሪደሩ ላይ ከምትጠብቀው ሚስቱ ጎን ተቀመጠ።

«ተመልሷል» አላት።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈራሁ» አለችና በግራ እጇ እጁን ያዘች። «እሱ በመጣ ቁጥር... እኛም እንመጣለን። ይፋቃል።»

ዳግማዊት ክፍሏን አሰናድታ ትጠብቃቸው ነበር። አሁንስ ሁለታችሁም እኔ ዘንድ ቅሩ ብላ ለመነቻቸው። ዳኛው የልጁን ጉንጭ ሳመ። «እስኪሻለኝ ሰንብተን እንሄዳለን። ገብሱ አልተወቃም» አላት፤ እንዳለውም ሰነበቱና ተነሱ።

መናኸሪያ ላይ የሚኒባሱ ረዳት አባይነሽን አቅፎ ሊያስገባት እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው። «ራሴ ነኝ የምወጣ።»

የበሩን እጀታ በግራ እጇ ጨበጠች። ቀኝ እግሯ እንቢ አለ፤ ደግማ ሞከረች። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች አጉረመረሙ፣ ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። ዳኛው ከኋላዋ ዱላውን ተደግፎ እንደ አጥር ቆመ።

«ይንፋ» አለ። «ቀስ ብለሽ ውጪ።»