ጅብ የፈታው ጫማ

ነገሌ ቦረና ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ዓብዱሰላም ለራሱ ብሎ ገንዘብ የማያወጣ ሰው ነበር። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ግን ለንግድ ሞያሌ ወርዶ ሳለ፣ ኬንያ ውስጥ የሞተ የአንድ እንግሊዛዊ ዕቃ ሲሸጥ ደረሰ። ሰው ሁሉ በብርድ ልብስና በድስት ሲሻማ እሱ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የቆዳ ጫማ አነሳ፤ ገለበጠው፣ አጠፈው፣ አሸተተው።

"ይሄ የተሠራ ጫማ ነው" አለና ገዛው።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ጫማ ያያል። "ጠርዙን ልብ በሉ" ይላል ዓብዱሰላም። "በላዩ ቆዳና በሶሉ መሀል ይቺ ቀጭን ጠፍር አለች። ላዩም የተሰፋው ከሷ ጋር ነው፣ ሶሉም ከሷ ጋር። ሶሉ ሲያልቅ ክሩን ፈትቶ ሌላ መስፋት ነው፤ ላዩ ዕድሜ ልክ ነው።"

"ሴትዮዋ የመጡት ለቀሚስ ነው" ትላለች ሚስቱ ሚስራ ከጓዳ።

ይሄን ሁሉ አልቀበል ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ አሸቱ። ዕድሜውን በጦሩ ንብረት ክፍል ቦት ጫማ ሲያድል የጨረሰ ሰው ነው።

"ምስማር ነው" ይላል።

"ክሩ ይታያል እኮ።"

"ክሩ ለጌጥ ነው። ውስጡ ምስማር ባይኖር እንግሊዝ ያን ሁሉ አገር በእግሩ አይዞርም ነበር።"

"በመርከብ ነው የዞረው።"

"ከመርከብ ሲወርድስ?"

እንዲህ ሲባባሉ ዓመት አለፈ። አሸቱ "በቢላ ትንሽ ከፈት አድርገን እንየው" ባለ ቁጥር ዓብዱሰላም ጫማውን አንስቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል። አንዴ ቀበሌ ስብሰባ አድርጎት ቢሄድ ሊቀመንበሩ የየት አገር ጫማ እንደሆነ ጠየቁት። "የሞያሌ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለና እግሩን አግዳሚው ሥር ደበቀ።

በተከታዩ ዓመት በጋው በረታ። ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ቆዳ ሁሉ ያደርቅ ጀመር፤ ጫማውም ጣቶቹ የሚታጠፉበት ላይ መሰነጣጠቅ አመጣ። ዓብዱሰላም ተጨንቆ ቆዳ ለሚነግዱት ሽማግሌ፣ ለኦቦ ዳዳቻ አሳያቸው።

"ጠምቶታል" አሉ ኦቦ ዳዳቻ። "ሞራ አጠጣው።"

አጠጣው። ሞራውን አቅልጦ፣ ስፌት ለስፌት እየገባ፣ እስኪንጠባጠብ ቀባው። ሚስራ ግን አፍንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ወይ እኔ ወይ ይሄ ጫማ። አንዳችን ውጭ እናድራለን" አለች። ጫማው በረንዳ ላይ አደረ። ሲነጋ የግራው የለም።

ኦቦ ዳዳቻ ተጠርተው መጡና ግቢው ውስጥ ያለውን ዱካ ጎንበስ ብለው አዩት። "ዋራቤሳ" አሉ፤ ጅብ ነው ማለታቸው ነው። ዱካውን ተከትለው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ደረቅ ቦይ ወረዱ፤ ዓብዱሰላም በነጠላ ጫማ፣ አሸቱ ዱላውን ይዞ። ጫማው ቦዩ ውስጥ ተገኘ። ሞራ የጠጣው የላዩ ቆዳ ተበልቷል። ውሾች ደርሰውበት ይሆናል፣ ጅቡ ሶሉን ከነታኮው ጥሎ ሄዷል።

ዓብዱሰላም ሶሉን አንስቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሊያለቅስ ነው ብለው ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

"ሃምሳ አለቃ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ና ተቀመጥ።"

አሸቱ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። የውስጡ ቆዳ ተገሽልጦ ሆዱ ይታያል። ሰም የጠጣው ክር ጠፍሯን እንደያዘ ዙሪያውን ሄዷል፤ አንዲት ስፌት አልተበጠሰችም። መሀሉ ላይ ቡሽ ተሞልቷል፤ ቡሹም የዓብዱሰላምን እግር ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

"ቆዳውን በላ፣ ስፌቱን አልቻለውም" አለ ዓብዱሰላም። ፊቱ ልጅ እንደተወለደለት ሰው በርቷል።

አሸቱ ቡሹን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፣ ክሩን ሳብ አደረገ። ከዚያ ታኮውን ገለበጠ። ጅቡ አላምጦታል፤ በስንጥቁ በኩል የምስማር ራሶች ተደርድረው ይታያሉ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

ዓብዱሰላም ጎሮሮውን ጠረገ። "ታኮ ሌላ ነገር ነው።"

"ታኮ ጫማ አይደለም?"

"ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ እኔ ልሂድ" አሉ ኦቦ ዳዳቻ፤ "ፀሐይ ወጣብኝ።"

ከጦር ካምፑ በር ላይ ጫማ የሚሰፋው ጉግሳ ሶሉን ሲያይ "ይሄማ አልሞተም" አለ። የቀኙን እያየ ከኦቦ ዳዳቻ ከመጣ የበሬ ቆዳ አዲስ የላይ ክፍል ቆረጠ፤ በወስፌው የድሮዎቹን ቀዳዳዎች እየተከተለ ከጠፍሯ ጋር ሰፋው። ስፌቱ ጠበቀ። መልኩ ግን አልሆነም። ቀኙ ጥቁርና ሸንቃጣ ሲሆን ግራው ቀይና እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ሆነ።

ሚስራ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "እስቲ ሂድና ተመለስ" አለችው፤ ሄደ፣ ተመለሰ፤ እንደገና አስኬደችው።

ለአረፋ አድርጎት መስጊድ ሄደ። ከሶላት ሲወጣ ጫማው የተወበት ቦታ ቁጭ ብሏል፤ ሊሰርቅ ያሰበ ቢኖርም የአንድ ሰው ነው ብሎ አያምንም። ኦቦ ዳዳቻ መንገድ ላይ አገኙትና ሰላምታ ሰጥተውት ሲያበቁ ወደ ግራ እግሩ ጎንበስ አሉ።

"አካም፣ ዲማ?" አሉ፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

ዓብዱሰላም ግራ ገባው። ለካ ቆዳው በዚያ በጋ የሞተባቸው በሬ፣ የዲማ ነው። ዓብዱሰላም ግራ ቀኙን አየና እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገላቸው።

"ናጋ፣ ደህና ነው፣ ኦቦ" አለ። "ሲሄድ ቀኙን ይቀድማል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም።"