የአክስቱ ትከሻ

ምሁሩ በልጅነቱ ስለ ፍቅር ያወቀውን ሁሉ የተማረው ከአክስቱ ትከሻ ነው።

«ምሁሩ» ያሉት ተውኔት የሚጽፍላቸው የቴአትር ቤቱ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ኮሌጅ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ ያጠና እሱ ብቻ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ምክንያቱን ከመጽሐፍ ጠቅሶ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ስለሆነ ስሙ ተጣብቆበት ቀረ። አክስቱ ደግሞ እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው፣ ባሏን በወጣትነቷ ያጣች፣ ዕድሜዋን በስልክ ኦፕሬተርነት የጨረሰች ሴት ናት። በእረፍት ቀኗ ከምሳ በኋላ ጀርባዋን ሰጥታው ጋደም ትልና አንድ መጽሐፍ ታነብ ነበር። በየቤቱ አንድ ቅጂ የማይጠፋው፣ ትልልቆቹ ለታናናሾቹ የሚያወርሱት፣ ያ ወፍራም የፍቅር ልቦለድ ነው። ጥቂት ገጽ እንደሄደች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መሐረቧን ታወጣለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ልጁ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያት ሆዱ ይባባል። ውሃ ቀድቶ አጠገቧ ያስቀምጥና በእግሩ ጫፍ እየተራመደ ይወጣል።

«ተባረክ» ትለዋለች ሳትዞር፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

አድጎ ኮሌጅ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዚሁ መጽሐፍ ላይ ነው። ርእሱ ስለ እንባ ነበር። እንባ ብቻውን ለሚያነብ ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ ከአክስቱ ትከሻ በመነሣት፣ በሰፊው አብራርቷል። መምህሩ ዳር ላይ «ጥልቅ ስሜት ይታያል» ብሎ ጻፈለት። ምሁሩ ያንን ገጽ ለእንግዳ ሁሉ ሲያሳይ ኖሮ ያቆመው በቅርቡ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የቴአትር ቤቱ አዘጋጅ ቢሮዋ ስትጠራው ነው። ተዋናዮቹ «ጄኔራሏ» ይሏታል፤ ሲሏት ግን ዙሪያቸውን አይተው ነው።

«ባለፈው ተውኔታችን ላይ ስንት ሰው ነበር?» አለችው።

«ጥቂት ነበር፤ ግን በጥሞና...»

«ግማሹ ተኝቶ ነበር። ያንን መጽሐፍህን ኮሜዲ አድርግልኝ።»

«የቱን?»

«የምታለቅስበትን።»

ምሁሩ ደም ሥሩ ተገታተረ። «እሱ እኮ አሳዛኝ ታሪክ ነው!»

«ሰውዬው ‘እወድሻለሁ’ ለማለት አራት መቶ ገጽ ይፈጅበታል። በመጨረሻ የሚናገረው ባቡሩ ልጅቷን ይዟት ከሄደ በኋላ ነው። ለማን? ለሻንጣ ተሸካሚው! ይሄ ካላሳቀ ምን ሊያስቅ ነው?»

ሁለት ቀን አኩርፎ ሰነበተና መጻፍ ጀመረ። የሚያሳፍረው፣ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰለት። ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ከት ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ አክስቱ ትዝ ትለውና ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳቅ እንዳመለጠው ሰው አፉን በእጁ ይይዛል። አፍቃሪውን እንዲጫወት የተመረጠው «ቀጭኑ» ነው። ስሙን ያወጡለት ሆዱ ከእሱ ቀድሞ መድረክ ስለሚገባ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጀግናው በፍቅር መንምኖ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር የቀረው የለም። ቀጭኑ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ጭኖ «ፍቅርሽ አመነመነኝ» ሲል የመብራት ሠራተኛው በሳቅ ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር።

ለአክስቱ የነገራት «መጽሐፉን ለመድረክ እያዘጋጀነው ነው» ብቻ ነው።

«እሰይ! ሰውዬውን ማን ይሠራዋል?»

«አንድ... ሰውነቱ ሞላ ያለ ተዋናይ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚላት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሱ ደግሞ እንባዋን ሰርቆ ለሳቅ ሸጠው። ብታውቅ በሯን እንደምትዘጋበት አልተጠራጠረም። የተውኔቱ ምረቃ አልፎ፣ መድረኩ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት ሳለ ቀስ ብሎ ሊነግራት አሰበ። ይሄን ዕቅድ ሲያወጣ ፖስተር የሚባል ነገር መኖሩን ዘነጋው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ፣ ፖስተር አየሁ።»

«የትኛውን?»

«ስንት ዓይነት ነው ያላችሁ?»

ፖስተሩ ላይ ቀጭኑ በልጅቷ መስኮት ሊገባ ሲል ወገቡ ላይ ተወትፎ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ይታያል። ከሥሩ በትልቁ «ሳቅ በሳቅ!» ይላል።

«ነገ ልምምድ አላችሁ?»

«አለን፤ ግን አክስቴ፣ አዳራሹ ይበርዳል።»

«ሹራብ አለኝ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ መጣች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምሁሩ ከዳር ሆኖ መድረኩን ትቶ እሷን ብቻ ያያል። የመጀመሪያው ትዕይንት አለፈ፤ ፊቷ አልተፈታም። ቀጭኑ መስኮቱ ላይ ተወተፈ። ያኔ አክስቱ ጎንበስ አለች። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መሐረቧን አወጣች፤ ድምፅ ግን የለም።

ምሁሩ ያንን ትከሻ ያውቀዋል። ተመርቆበታል።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸና ሮጦ ከፊት ለፊቷ ቆመ። መቼ እንደተንበረከከ ራሱም አያውቅም። «አክስቴ! እኔ ውለታ የማያውቅ ከንቱ ነኝ! አንቺ ስንት ዓመት በስውር ያፈሰስሽውን እንባ አደባባይ አውጥቼ መሳለቂያ አደረግሁት! ይሄ እጄ ብዕር ከሚጨብጥ ቢሰበር ይሻለው ነበር! ውቀሺኝ፣ ርገሚኝ፣ ብቻ ዝም አትበይኝ!»

አክስቱ እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ልትናገር ሞከረች፤ አልወጣላትም። መሐረቧን ወደ ጎን አወዛወዘች።

«ፈቀቅ በል» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ቁጭ በል አንተ፣ ከለልከኝ! ሰውዬው ወጣ ወይስ አልወጣም?»

«አልወጣሁም እትዬ! እዚሁ ነኝ!» አለ ቀጭኑ ከመስኮቱ ላይ።

አክስቱ እንደገና ተደፋች። አሁን ድምፅዋ ወጣ፤ ሳቅ ነበር። ምሁሩ እንደተንበረከከ ቀረ።

«እያለቀስሽ አልነበረም?»

«ለምን ብዬ?»

«ያኔስ? ልጅ ሆኜ፣ ከምሳ በኋላ?»

ዓይኗን ጠርጋ አየችው። «በዚህ መጽሐፍ? ልጄ፣ ሳቅ ሊገድለኝ ሲል አልነበር ውሃ የምታመጣልኝ! ትን እንዳለኝ ገብቶህ መስሎኝ ምን ዓይነት አስተዋይ ልጅ ነው እል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ድምፅ የለውም?»

«ግድግዳው ስስ ነዋ። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ስትንከተከት ጎረቤት ምን ይላል?»

በምሁሩ ጭንቅላት ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉ ከነ «ጥልቅ ስሜት ይታያል» ገጽ በገጽ ተገለጠ። ከኋላው የጄኔራሏ እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ተሰማ።

«ያንን ድገመው» አለችው።

«ምኑን?»

«‘ይሄ እጄ ቢሰበር’ን። ባቡር ጣቢያው ላይ ለሻንጣ ተሸካሚው የሚናገረው እሱን ነው። ቀጭኑ፣ ሰማኸው?»

«ሰማሁት፤ ግን ይቸግረኛል» አለ ቀጭኑ። «ሰው እኮ ይሄን ያህል አያጋንንም።»

«ይኸው አጋነነ! እሱስ ሰው አይደለም?»

ማምሻውን ምሁሩ አክስቱን አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሸኛት። ግማሽ መንገድ እየሳቀችበት ሄደች፤ ከዚያ መሐረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ዣንጥላው ላይ ግን አልሳቅሁም» አለች።

መጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ዣንጥላዋን «ያዝልኝ» ብላ ለአፍቃሪው ትሰጠውና ሱቅ ትገባለች። ረስታው በሌላ በር ከአባቷ ጋር ትሄዳለች። ዝናብ ይመጣል። ሰውዬው ዣንጥላውን አይዘረጋውም፤ ያዝ እንጂ ዘርጋ አላለችውማ። እንዳይረጥብባት ከኮቱ ሥር ሸጉጦት ይበሰብሳል። ምሁሩ እዚህ ትዕይንት ላይ በተለይ ተራቅቆ ነበር። ዣንጥላው በራሱ ጊዜ ይዘረጋል፣ የባለሱቁን ሰው ሠራሽ ፀጉር ያነሣል፣ በመጨረሻም ቀጭኑን ከነሆዱ እየጎተተ ከመድረክ ያስወጣዋል።

«ሰው ሁሉ የሚስቀው እዚያ ጋ እኮ ነው» አላት ቅር ብሎት።

«ይሳቅ።» ትንሽ ሄዱ። «ባለቤቴ አንድ ቀን ጫማዬን ሊያሠራልኝ ወስዶት ነበር። ዝናብ ያዘው። ውሃ ከጆሮው እየተንጠባጠበ ገባና ጫማዬን ከኮቱ ሥር አወጣው። ደረቅ! ‘አንተ ሰው፣ ጫማ እኮ ነው፣ ለዝናብ አይደል የተሠራው’ ብዬ ሳቅሁበት።»

ያ ሰው ለምሁሩ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ብቻ ነበር። አውቶቡሱ መጣ።

«ያቺ ገጽ ላይ ስደርስ ቶሎ ነው የምገልጣት» አለችና ተሳፈረች።

በማግስቱ የዣንጥላውን ቀልድ በሙሉ ሰረዘው። ጄኔራሏ ተቆጣች።

«የተመልካቹን ሳቅ ነው እኮ የምትሰርዘው!»

«ባቡር ጣቢያው ላይ የራሴን ልቅሶ ለሳቅ ሰጥቻችኋለሁ» አላት። አየችውና ተወችው።

የምረቃው ምሽት አዳራሹ ሞላ። አክስቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ምሁሩ ከኋለኞቹ ረድፎች በአንዱ፣ በር አጠገብ። መስኮቱ ላይ ሰው በሳቅ ወንበር ደበደበ። ቀጥሎ ዣንጥላው መጣ። ከመጋረጃ ጀርባ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ይፈስ ጀመር፤ ዝናቡ እሱ ነው። ቀጭኑ ዣንጥላውን ከኮቱ ሥር ሸጉጦ ቆመ። ምንም አልተናገረም። ሆዱ እንኳ ያን ያህል ትልቅ አልመሰለም። አንድ ሰው ሳቅ ጀመረና መሃል ላይ አቆመ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከኋላ ፊቷ አይታይም። መሐረቡ ወጣ፤ ድምፅ የለም። ምሁሩ ሳያስበው ብድግ አለ። ሄዶ ሊያያት፣ ሊጠይቃት፣ ቢያንስ ውሃ ሊያመጣላት።

«ቁጭ በል ወንድሜ፣ ከለልከን!» አለው ከኋላው የተቀመጠ ሰው።

ቁጭ አለ።