ውሃ የሚጠጣ ወንበር

የሰደበው የእህቱ ባል ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሬዲዮው የስምንት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል፣ በእህቱ ሳሎን ውስጥ፣ የእህቱ ልጅ በተመረቀች ዕለት። ይህን ሁሉ ሳያዛንፍ መያዝ ለእሱ ምኑም አይደለም። ሠላሳ ዓመት የክር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ የቱ ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ስድቡንም እንደዚያው በቦታው አስቀምጦታል፤ አቧራ እንኳ አላረፈበትም።

ያን ቀን ጠረጴዛ ሲያነሳ ሲጥል፣ ሳህን ሲያቀብል ውሎ እግሩ ዝሎ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለችው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ገና ዘፍ ከማለቱ የእህቱ ባል ከላይ እስከ ታች አየው። ሰውየው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊቱ የተደረደረ ይመስለዋል።

«አንተ! ተነስ እስኪ ከዚያ» አለ። «እሱ ወንበር የተማረ ወገብ ነው የሚፈልገው። ለእሱ ዱካውን አምጡለት።»

ቤቱ ውስጥ እሱን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ነበር። አሥራ ሁለቱ ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም፤ ዱካውን ያመጣችው ግን እሷ ናት።

ባለቁልፉ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ባለቁልፉ የሚሉት ፋብሪካ ውስጥ ወገቡ ላይ ይንሿሿ በነበረው የቁልፍ ዘለላ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፎቹን አስረከበ፣ ስሙ ግን አብሮት ወደ ቤት መጣ። ጉልበቱ ጆሮው ሥር ደርሶ ኬኩን በላ። መልስ መስጠት አምሮት ነበር። መልሱ የመጣለት ግን በሦስተኛው ቀን፣ ጢሙን ሲላጭ ነው። የማይረባ ጭንቅላት! ምን ያደርጋል፣ ሰዎቹ ተበትነዋል።

ዘንድሮ እህቱ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ እኔና እሱ እንመጣለን። እስካሁን ቤትህን አለማየታችን አሳፋሪ ነው።»

«ኑ እቴ። ቤቱ የት ይሄዳል» አላት።

ስልኩን ዘግቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ወንበር፣ አንድ ዱካ። ዱካው ላይ ዓይኑ ሲደርስ ሐሳቡ ቁልጭ ብሎ መጣለት። አንድ ደህና ወንበር ይገዛል። እሁድ ዕለት እሱ እዚያ ላይ ተንፈላስሶ ይጠብቃቸዋል። የብረቱ ለእህቱ፣ ዱካው ለዳይሬክተሩ። ከዚያ ሻይ እየቀዳ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄኛው ወንበር ደግሞ ያልተማረ ወገብ ነው የሚፈልገው» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ምንም አይጨምርም።

የትኛውን ወንበር እንደሚገዛ አላጣውም። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለው የወንበር ሱቅ መስታወት ውስጥ ለወራት የሚያያት አንዲት ክብ ወንበር አለች። የተከፈተ መዳፍ ትመስላለች፤ መሃሏ ላይ ወፍራም ትራስ ተኝቶባታል። ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ ይሄን ያህል የዞረ እንጨት እንዴት ሳይሰበር ዞረ?

ገባ። ወንበር ሠሪዋ አውራ ጣቶቿን በፕላስተር የጠቀለለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ ሴት ናት። ሰላም ብሎ በቀጥታ ወንበሯን ገለበጣት። ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚረከበው እንደዚያ ነበር፤ ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል፣ ሆዱን ነው ማየት።

«ጋሼ፣ ምነው፣ አመማት?» አለች ሴትዮዋ።

«ልይ ብዬ ነው።»

«ይዩ፣ ይዩ። እግሯንም ይዳብሱ፣ አትራገጥም።»

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ይሄ ቀርከሃ ነው?»

«አይደለም፣ ራታን ነው። ቀርከሃ ውስጡ ቱቦ ነው፤ ይሄ ግን ድፍን።» ከመሬት ቁራጭ አንስታ የተቆረጠበትን ጫፍ አሳየችው። ውስጡ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል። «ሐረግ ነው በቁሙ። ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ነው የሚያድግ። በእንፋሎት ሲታጠን ይለሰልስና እንደፈለግሁ አዞረዋለሁ፤ ሲበርድ ባለበት ይቀራል።»

ስንት ወር የከነከነውን በአንድ ትንፋሽ መለሰችለት። ቁራጩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረና በአንድ ዓይኑ አጮለቀበት። ብርሃን አይታይም፤ ግን ነፋ ሲያደርግበት በወዲያኛው ጫፍ ጣቱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማው።

«ይተነፍሳል!» አለ፣ ሳያስበው ጮክ ብሎ።

«ይተነፍሳል እንጂ። አሁን ደግሞ ይምረጡ። ያቺ ጥግ ያለችው ፕላስቲክ ናት፤ ዝናብ ላይ ለሚያድር ሰው ትሆናለች። እነዚህ ሦስቱ የእውነት ናቸው።»

ሦስቱንም ገለበጣቸው። መጋጠሚያቸው ላይ የተጠመጠመውን ልጥ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ገፋው። የአንደኛዋ ልጥ ዞረ። የሁለተኛዋ አልዞረም፤ ወለሉ ላይ ሲያቆማት ግን አንድ እግሯ አነከሰ። ሦስተኛዋ መስታወቱ ውስጥ የነበረችው ናት፤ ልጧም አልዞረ፣ እግሯም አላነከሰ። የትራሷን ዚፕ ከፍቶ ስፖንጁን በጡጫው ተጫነው፤ ተመልሶ እስኪነሳ ቆጠረ።

«ጋሼ፣ የት ነው የተማሩት?» አለች ሴትዮዋ።

ቆጣ ብሎ ቀና አለ። ነገረኛ ፊት ግን አልነበራትም፤ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እጁን ነበር የምታየው።

«ግምጃ ቤት» አላት።

«እኔ ይሄን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ይቺን ይውሰዷት፤ ለእርስዎ ናት።»

ይህን ንግግር የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ለምስጋና የሚሆን ቦታ አዘጋጅቶ አያውቅም። ወንበሯን ራሱ ላይ ተሸክሞ መንገድ ሙሉ ሰው እያስገለመጠ ወደ ቤቱ ሄደ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቁልፉ ዕቃ መጠበቅ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የክር ዕቃ ነው። ክር እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያሳየው የእሳት ማጥፊያውን ሳይሆን በየጥጉ የተቋጠሩትን የኖራ ከረጢቶች ነበር፤ ኖራው የአየሩን እርጥበት ይመጥጣል። ስለዚህ ወንበሯን በልቡ ደስታ ምድጃው ካለበት ግድግዳ አስጠግቶ አስቀመጣት፤ ከሥሯም አራት የኖራ ቋጠሮ ደረደረ። እንዳትቆሽሽ እስከ እሁዷ ላይቀመጥባት ወሰነ፤ ብቻ በየጠዋቱ ለአምስት ደቂቃ ይሞክራት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሲቀመጥ «ሲጢጥ» አለች።

ተነሳ። ተቀመጠ። «ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።» ወደ ግራ ሲል በአንድ ድምፅ፣ ወደ ቀኝ ሲል በሌላ። ባለቁልፉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ አሥራ ሁለት ሰው አፉን ሸፍኖ ሲስቅ እንደዚህ ነው። እግሯን ሲያይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ዳይሬክተሩ ሊመጣ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሮጦ ሠሪዋ ጋ ደረሰ። «ሸወድሽኝ አይደል? ያልተማረ ነው ብለሽ!»

«ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«ተሰነጠቀች! ትጮሃለች!»

«የት ነው ያስቀመጧት?»

ነገራት። ምድጃውን ነገራት። የኖራ ቋጠሮዎቹን ሲነግራት ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ባለቁልፉ ቀኑን በልቡ መዘገበ፤ ሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ወንበር ሠሪዋ። እንዲህ እየመዘገበ ሳለ እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«ይዩ» አለች። አዲስ ወንበር ተገልብጦ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ጨምቃ ሆዱን ጠረገችው፤ ልጡ ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ። ውሃው ዓይኑ እያየ ጠፋ። ደገመችው፤ አሁንም ጠፋ።

«የት ሄደ?»

«ጠጣችው። ቀዳዳዋን አላሳየሁዎትም? እንዳትበሰብስ ብለው ደረቅ ቦታ ካስቀመጧት ትደርቅና ትሰባበራለች። እስክትጠግብ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ከሥሯ ያጠጧት፣ ጥላ ሥር ያድርቋት። አልፎ አልፎ ጠብታ ዘይት። ትራሷን ያገላብጡ። ሲያነሷት ይሸከሟት እንጂ አይጎትቷት። ኖራውን ደግሞ...» እንደገና ሳቋ መጣ፤ «ኖራውን ግድግዳ ይለስኑበት!»

ሠላሳ ዓመት እርጥበትን ሲያሳድድ ለኖረ ሰው ወንበር ውሃ ማጠጣት ልብስ አውልቆ አደባባይ እንደመቆም ነው። ግን አደረገው። የመጀመሪያ ቀን እጁ ፈራ፤ ጨርቁን እስኪደርቅ ድረስ ጨመቀው። ሁለተኛ ቀን ደፈረ። ወንበሯን ገልብጦ መሬት ላይ ተኛና ጆሮውን እግሯ ላይ ለጠፈ። እውነት ለመናገር የሆነ ነገር ሰማ፤ ጢክ፣ ጢክ የሚል፣ በጣም ቀጭን። ይሄ መጠጣቷ ነው ወይስ የራሱ ደም? አሁን ጆሮውን ሲያነሳ፣ አሁን ሲያስጠጋ ረፋዱ አለፈ። ለምሳ ሲነሳ አንድ ነገር ታወሰው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ጊዜም አላሰበም። ደነገጠ። ኪሱን እንደተሰረቀ ሰው ተቻኩሎ ስድቡን በቦታው ፈለገው። አለ። ተረጋጋ።

በሳምንቱ ሲጢጥታው በግራ በኩል ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ በቀኝም ቀረ። ስንጥቋም እንኳ ጠበበች። የከባድ ሰው ጉዳይ ግን አሳሰበው፤ እሱ ቀጭን ነው፣ ወፍራም ቢቀመጥባት ትጮህ ይሆን? ይህን የሚሞክርበት ሰው አላገኘም።

እሁድ መጣ። ወንበሯን ጠዋት አጠጥቶ አደረቃትና ጨርቁን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋው። ሻዩን ጣደ። በሩ ሲንኳኳ ከወንበሩ ሳይነሳ «ግቡ» ሊል አስቦ ነበር፤ በሩን ግን ቆልፎታል። የለመደበት እጅ! ተነስቶ ከፈተ።

ዳይሬክተሩ ከዘራ ይዟል። ዳሌውን ታሟል፤ ሆዱ እንጂ ሌላው ነገሩ ከስቷል። እህቱ በብብቱ ደግፋው ገባች።

«ቀስ፣ ቀስ፣ እዚህች ላይ» አለችና ባለቁልፉ አፉን ሳይከፍት ክቧ ወንበር ላይ አሳረፈችው። ራሷ የብረቱን ሳበች። የቀረው ዱካው ነበር። ባለቁልፉ ተቀመጠበት፤ ጉልበቱ ወደ ጆሮው ተመለሰ።

«እንዴ!» አለ ዳይሬክተሩ መደገፊያውን እየዳበሰ። «ይሄን ማን መረጠልህ?»

«ራሴ ነኝ ጋሼ።»

«አንተ?» ዳይሬክተሩ ሚስቱን አየ፤ አብራው እንድትስቅ። «ሂድ እባክህ! አንተ ከሣጥንና ከቁልፍ ሌላ ምን ታውቃለህ? ሻጩ ነው ያሸከመህ። በል እመን።»

አሥራ አንድ ዓመት የቆየው መልስ ከነአቧራ መከላከያው ከመደርደሪያው ወረደ፤ ጥርሱ ጋ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ግን ዳይሬክተሩ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ባለቁልፉ መልሱን ረስቶ ጆሮውን አቆመ።

ምንም።

ሰውየው ወደ ግራ ዞረ። ምንም። ወደ ቀኝ። ዝም።

ዳይሬክተሩም ሳቁን አቋረጠ። ሆን ብሎ አንዴ ተወዛወዘ። «ይሄ አይጮህም እንዴ?» አለ። «ልጃችን ልክ እንደዚህ ያለ ልካልን ነበር። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ጋዜጣ አላስነብብ አለኝ። እግሩም ተሰነጣጠቀ። እንዳይበሰብስ ብዬ ምድጃ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት፣ ቫርኒሽም ቀባሁት። መጽሐፍም አገላበጥኩ።» ወደ ዱካው ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ ፌዝ አልነበረም፤ የቸገረው ሰው ፊት ነበር። «ለእኔ ዳሌ የሚመቸው እሱ ብቻ ነው። ምን ታደርገዋለህ?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ምንም ነገር ጠይቆት አያውቅም።

«ንገረው እንጂ፣ ወንድምዬ» አለች እህቱ።

ባለቁልፉ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ውሃ። ያኛውም መልስ እዚያው ምላሱ ላይ አለ። ሁለቱን አስተያየ። ዳይሬክተሩ ያን ቅዳሜ አያስታውሰውም፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያኛውን ቢሰጠው አይገባውም። ይሄኛውን ቢሰጠው ደግሞ ይጠቀምበታል። ሁለቱንም ወደ መደርደሪያው መለሳቸው።

ከዱካው ተነሳ። ከሰውየው ክርን አጠገብ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጨርቁ ተዘርግቷል። ዳሰሰው፤ ገና እርጥብ ነው። አራት እጥፍ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቅዝቃዜው ጭኑ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ የዱካውን አንድ እግር ይዞ አንጠልጥሎት ወደ በሩ ሄደ።

«ምን አልኩት አሁን?» ሲል ሰማው ከኋላው።

ደጅ ሊቀመጥ ወጣ።