አራት አራት ልጅ

ዶክተሩ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎችንና አለቆቻቸውን ማጥናት ከጀመረ ሃያ ዓመት ደፈነ። ሚስቱ፣ «የታሰረውስ በአመክሮ ይወጣል፤ አንተ ነህ የማትፈታው» እያለች ትቀልድበታለች። ቀልዷ ያመዋል። ፕሮፌሰር ለመባል ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለቴም አልተሳካለትም፤ አሁን የጎደለው አንድ ጽሑፍ ነው፣ የቀረው ጊዜም አንድ ወር።

ስለዚህ መቶ አርባ መጠይቅ አባዝቶ ለማረሚያ ቤቱ አዛዥ አስረከበ። ሌላ ጊዜ ሦስት ወር ለምኖ ግማሹን የማያገኘው ዶክተር፣ በማግስቱ ሁሉም ተሞልቶ፣ በሲባጎ ታስሮ ሲሰጠው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቤቱ ወስዶ ሚስቱ እያነበበችለት ይመዘግብ ጀመር።

«የልጆች ብዛት፣ አራት። አራት። አራት።» ሚስቱ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ሁሉ ሰው አራት አራት ልጅ የወለደው ተማክሮ ነው?»

የዶክተሩ ቆሌ ተገፈፈ። በነጋታው ገስግሶ ሄደና በር ላይ የቆሙትን ምራቃቸውን የዋጡ ጠባቂ ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ፣ ስንት ልጅ አለዎት?»

«በመጠይቁ ነው በቤቴ?»

«በቤትዎ።»

«ሁለት። ትናንት ጠዋት ሰልፍ ላይ አዛዡ የራሳቸውን ሞልተው ጮክ ብለው አነበቡልን፣ እኛም ጻፍን። ከአለቃ የተለየ መልስ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጻፋል?»

«ዘጠነኛው ጥያቄስ? ‹አለቃዎ ያለ ፍላጎትዎ አስገድዶዎት ያውቃል?› ሲባል ሁላችሁም ‹በፍጹም› ብላችኋል።»

«እኔ እንኳ ‹አዎ› ልል ነበር። ‹በፍጹም በሉ› ብለው አዘዙና ተውኩት።»

ዶክተሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ነገር፣ ሰውዬው እንደ ዋዛ ነገሩት። የማንንም ማንነት ሳይገልጥ፣ መጠይቁ እንዴት እንደተሞላ በአራት ቀን ጽፎ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም፤ ኮራበት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የድሮ ተማሪው ነው። አንብቦ እንባው እስኪወርድ ሳቀና እንባውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ግሩም ነው። እኔ አላዝዝዎትም፣ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። ግን አዛዡ ከተቀየሙ ሁለተኛ ማናችንንም አያስገቡም። የመጠይቁን መልስ በሰንጠረዥ እንዳለ አስገብተው ‹ሠራተኛው በአለቆቹ ረክቷል› ቢሉት ምናለ? የማዕረጉን ነገር ለእኔ ይተዉት።»

ዶክተሩ መልስ አላጣም። አንድም ጠባቂ በራሱ አፍ ረካሁ አላለም፣ አንዱም መልስ የራሱ አይደለም፤ ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«እሺ» አለ።

በሁለት ሳምንቱ ፕሮፌሰር ተባለ። ሚስቱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ቀና ስትል አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«አሁንስ ምን ሆንክ? ደስ አላለህም?»

«አፍሬ ነው» አላት። «እኔን እኮ ማንም አላዘዘኝም። ጠባቂዎቹስ ታዘው ነው።»