ከውርጭ በታች

«ለመሆኑ ይሄን በረንዳ የምንሠራው ለማን ነው?»

ኦረስት ይህን የጠየቃት በካናዳ በጋ በሚገባበት በሰኔ ማለዳ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ ነበር። ሚስቱ ቨርና የሜትሩን ሌላ ጫፍ ይዛ ከጓሮው በር ወደ አጥሩ እያፈገፈገች ነው። ያልሰማች መሰለች። ሰምታለች።

«ጫፉን እንዳትለቀው» አለችው።

«ይዤዋለሁ። መልሱን ነው የምጠብቀው።»

ሜትሩን ወጥራ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። በአፍንጫው የገባው ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ ሣሩን አቋርጦ፣ አራቱን የእንጨት ደረጃዎች ወጥቶ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ከሚያጉረመርመው ማሽን ጋር ይገናኛል። ኦረስት ዕድሜውን ሙሉ በእህል ጎተራ ውስጥ የዋጠው የስንዴ አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል። አራቱን ደረጃ መውረድ ገና አላቃተውም፤ መውጣቱ ግን በየደረጃው ቁጭ እያለ፣ ቨርና ብብቱን ደግፋው፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ነበር። በረንዳው የታሰበውም ለዚሁ ነው። ከበሩ ደፍ ጋር እኩል የሆነ የጣውላ ወለል ቢሠራ፣ ኦረስት ከነተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ከነቱቦው፣ ማንንም ሳያስቸግር ጓሮው ላይ ይወጣል። የተከለውን ድንች ያያል። ድንቹን የሚጭሩበትን ወፎች ይሳደባል።

ጎረቤታቸው ክላረንስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«እናንተ ሰዎች፣ ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምትለኩት?»

«የዶሮ ቤት ለለመደ ሁሉም ቤተ መንግሥት ነው» አለ ኦረስት።

«ምላስህ ሳንባ አያስፈልገውም መሰለኝ!» ክላረንስ ሳቀና ወደ ቨርና ዞረ። «ስሚኝማ ቨርና፣ እኔ ጋ የተራረፈ ብሎኬት አለ። ጣውላውን ብቻ ግዙ። ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ሁለት ሦስት ሰው አይጠፋም። አንቺ ያቺን ሊጥ ውስጥ ድንች የተሞላች ፔሮጊሽን ትቀቅይልናለሽ። ቅዳሜ ማታ ይሄ ሽማግሌ ቢራውን ይዞ እዚህች ላይ ቁጭ ብሎ ይሰድበኛል።»

«ብሎኬቱ መሬት ላይ ሊቀመጥ?» አለች ቨርና።

«የእኔስ በረንዳ ምን ላይ የተቀመጠ መስሎሻል?»

«ያንተማ በረዶ በቀለጠ ቁጥር እንደ ሰካራም ያዘነብላል።»

«ያዘነብላል እንጂ አይወድቅም። ደግሞስ ለአንድ በጋ...»

ክላረንስ አፉን ያዘ። ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። የጀመረውን ማንም አልጨረሰለትም።

በዚያ በሳስካችዋን አውራጃ ያደገ ሁሉ ይህን ሳያስተምሩት ያውቃል። ክረምቱ መሬቱን ከሰው ቁመት በላይ ዘልቆ በውርጭ ያረጋዋል፤ የረጋው አፈር ያብጣል፤ ያበጠው አፈር ጥልቀት የሌለውን ነገር ሁሉ ከሥሩ ገፍቶ ይተፋዋል። ስለዚህ ሊኖርበት የሚሠራ ሰው ከውርጩ በታች ያስቆፍራል፣ ኮንክሪት ያስሞላል። ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው፤ የቁፋሮ መኪናውም ወረፋ አለው። ብሎኬት ግን በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ብሎኬት የሚያስቀምጥ ሰው የሚያስበው ዘንድሮን ብቻ ነው። ቨርና ሁለቱንም ታውቃለች። «ብሎኬቱ ይሁን» ብትል ባሏን ፊት ለፊት «ሌላ በጋ የለህም» እንዳለችው ሆነባት።

«በጥልቀት ይቆፈራል» አለች። «ነገም እንደሚኖር ሰው ነው የምንሠራው።»

ክላረንስ ኦረስትን አየ። ኦረስት ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

«አለቃዋ ተናግራለች» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው ከደፉ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል። አለበለዚያ በረዶው ተከምሮ በሩን ይዘጋብሻል። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ወንበርህ በምን ይወርዳል? እኩል ነው የሚሆነው።»

«በረዶውስ?»

«እኔ እጠርገዋለሁ።»

ለቁፋሮው ሲባል ኦረስት ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ጀልባ ተሸጠ። ገዢው ከመኪናው ኋላ ሲያስረው ኦረስት ዝንብ ከሚከላከለው የወንፊት በር ጀርባ ሆኖ እጁን አነሣለት። «ዘንድሮ ዓሦቹ ይረፉ» አለ። የጀልባው ተጎታች ቆሞበት የነበረው ሣር ገርጥቶ ቀረ።

የቁፋሮ መኪና ያለው ዱዌይን የሚባል ጎልማሳ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ እመጣለሁ አለ። ዝናብ መጣና መኪናው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል ተባለ። ዝናቡ ሲያባራ፣ አንድ ባለብዙ መሬት ገበሬ ከመከሩ በፊት ለአዲስ ጎተራዎቹ መሠረት ላስቆፍር ብሎ ያዘው። ቨርና ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤት እየገባች ትደውላለች።

«ዱዌይን፣ ባለቤቴ እኮ...»

«አውቃለሁ ወይዘሮ ቨርና። የሚቀጥለው ሳምንት፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ።»

«ያለፈው ሳምንትም በእናትህ ነበር።»

«እናቴም ታዝናለች እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።»

ኦረስት በጋውን በሙሉ ከወንፊቱ በር ጀርባ ተቀመጠ። ደረጃውን መውረድ ከተወ ቆይቷል። ክላረንስ ከልጆቹ ጋር ከነወንበሩ ተሸክሞ ሊያወርደው አንድ ሁለቴ መጥቶ ነበር፤ ኦረስት ግን «እንደ ሶፋ አትሸከሙኝም» አለ። ቨርና የቲማቲም ቅጠል ቆርጣ ታመጣለታለች፤ በጣቶቹ አሽቶ ያሸተዋል። በባሕር ዳርቻ ያለችው አንዲት ልጃቸው ላሪሳ በስልክ «እማ፣ ምናለ ብሎኬቱን ብታስቀምጡት» ስትላት፣ ቨርና «አንቺ እዚያ ሆነሽ የዚህን ምድር ረስተሽዋል» ብላ ዘጋችባት።

አንድ የነሐሴ ቀን ቨርና ዕቃ እያጠበች ነበር። ኦረስት ዓይኑን ከጓሮው ሳይነቅል፣

«ክላረንስ ያ ብሎኬት አሁንም ይኖረው ይሆን?» አለ።

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ።

«ዱዌይን ሰኞ ይመጣል» አለች።

«ሰኞ?»

«ሰኞ ብሏል።»

«እሺ» አለ ኦረስት። «ሰኞ ጥሩ ቀን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ብሎኬት አላነሣም።

ዱዌይን የመጣው በጥቅምት፣ የባልዲው ውኃ ማለዳ ማለዳ ስስ በረዶ ማበጀት ሲጀምር ነው። መሰርሰሪያው እያጓራ ወደ ምድር ገባ። መጀመሪያ ጥቁር አፈር ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማው፣ በመጨረሻ ቅባት ያለው የሚመስል ቢጫ ሸክላ። ኦረስት ወንበሩን ከወጥ ቤቱ መስኮት አስጠግቶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጓል። ትንፋሹ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌው ይወለውለዋል። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየችው ቆይታለች።

«አየሽው ሸክላውን?» አለ። «እዚያ ታች ውርጭ ደርሶ አያውቅም። ዘንድሮም ከርሞም ያው ነው።»

ጉድጓዶቹ ኮንክሪት ተሞሉ፤ በላያቸው ስድስት ምሰሶዎች ቆሙ። በሳምንቱ በረዶ ጣለ። ዱዌይን ጣውላውን ከአጥሩ ሥር ከምሮ በሸራ ሸፈነና፣ «ወለሉን በረዶው ሲቀልጥ» ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ቨርና የኦረስትን እግር በብርድ ልብስ ስትጠቀልል፣

«በሰማንያ ዓመትሽ ትቀመጪበታለሽ» አላት።

«እንቀመጥበታለን።»

ኦረስት አላረማትም። ራሷን በመዳፉ ዳበስ አደረገና ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጪ ስድስቱ ምሰሶዎች ነጭ ቆብ ደፍተው ቆመዋል።

በየካቲት ወር፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

ጸሎቱ ተደረገ፣ ሰው በላ፣ ሰው አለቀሰ። መቃብሩ ግን አልተቆፈረም። ምድሩ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበርና፣ በዚያ ወር የሞተ ሁሉ እንደሚሆነው፣ አስከሬኑ በረዶው እስኪቀልጥ በቀዝቃዛ ክፍል ቆየ። ከጸሎቱ በኋላ ክላረንስ መቆሚያ አጥቶ ቨርና አጠገብ ቆመ።

«ኦረስት ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አላት። «‹ከሞትኩም በኋላ ወረፋ አስያዛችሁኝ?›»

ቨርና ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። ክላረንስ ኮቷን ደርቦላት እስክትጨርስ ጠበቃት።

የተቀበረው በግንቦት ነው። የመቃብር ቆፋሪው ያወጣውን አፈር በጎን ከምሮታል፤ ከታች ቡናማው፣ ከላይ ያ ቢጫ ሸክላ። ቨርና አወቀችው። ካህኑ ሲጸልዩ ዓይኗ ከሸክላው አልተነቀለም።

ከቀብሩ መልስ ሰዉ ተበታተነ። ላሪሳ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች የአባቷን ቦት ጫማ አጥልቃ ጓሮው መሀል ቆማለች። የክላረንስ በረንዳ ዘንድሮም በአንድ ወገን ተነሥቶ አዘንብሏል፤ እሱም መዶሻውን ይዞ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ይሳደባል። በእነቨርና በኩል ስድስቱ ምሰሶዎች እንደቆሙ ናቸው። አንዳቸውም አልተነቃነቁም።

«እማ፣ ከእኔ ጋር ነይ» አለች ላሪሳ። «ወለሉን አስጨርሰን ቤቱን እንሽጠው። እዚያ እኮ መሬቱ አይቀዘቅዝም። ሰው በጥር አበባ ይተክላል።»

«ታዲያ ምድሩ መቼ ነው የሚያርፈው?»

«እማ! ቀልዴን አይደለም። ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ላሪሳ ወደ ምሰሶዎቹ አየች። ስትናገር ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ብሎኬቱ የሚፈጀው አንድ ቅዳሜ እኮ ነበር። አንድ ቅዳሜ! ሙሉ በጋ ውጪ ይቀመጥ ነበር። ለምን እምቢ አልሽ?»

አጥሩ ማዶ መዶሻው ቆመ።

«እሺ ብል፣ ትሞታለህ ያልኩት መሰለኝ» አለች ቨርና።

«እሱ እኮ ያውቅ ነበር እማ።»

«ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ ማወቅ ያልፈለግሁት።» ቨርና እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበራቸውም። «እሱ የእኔን ፍርሃት ሲያስታምም በጋው አለቀበት።»

ላሪሳ መጥታ አቀፈቻት። ቦት ጫማው ስለሰፋት ሁለቱም ሊወድቁ ነበር።

በዚህ መሀል ዱዌይን ከቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ቀብር ላይ የለበሰውን ሸሚዝ አልቀየረም፤ ቆቡን በሁለት እጁ ያሽከረክራል።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ዛሬ ለሥራ አልመጣሁም። ግን... የእኔ መዘግየት ነው። በጋውን ሙሉ...»

«ያንተ ብቻ አይደለም» አለችው። «ምንድን ነው የፈለግኸው? ተናገር።»

«አይ፣ ነገ ወለሉን ልጀምር አስቤ ነው። ገንዘብ አልቀበልም። እና አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።» ወደ ደፉ ጠቆመ። «ምሰሶዎቹን የለካኋቸው ከበሩ ጋር እኩል እንዲሆን ነው፤ ለወንበሩ ብለን። አሁን ግን... አንድ ደረጃ ዝቅ ቢል ክረምት በሩን በረዶ አይዘጋብዎትም። የሚፈልጉት ግን እንደ መጀመሪያው ሐሳብ ከሆነ፣ እንደዚያው አደርገዋለሁ።»

ቨርና ደፉ ላይ ወጥታ ቆመች። ወንፊቱ በር ላይ፣ የኦረስት ወንበር መንኮራኩር እየታከከ ቀለሙን የላጠው ቦታ አለ። በእግሯ ጫፍ ነካችው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወለሉ ሊሆን ወደሚችልበት ቦታ አየች። እኩል ቢሆን፣ በየማለዳው በረዶውን እየገፋች ከእንግዲህ ለማይመጣ ወንበር መንገድ ትጠርጋለች። ጉልበቷ እስከቻለ ትጠርግ ነበር። ይህንንም ታውቃለች።

«ለማን ነው የምንሠራው?» አለች፣ ለራሷ እንጂ ለማንም ሳይሆን።

«ምን አሉኝ?» አለ ዱዌይን።

«አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል። የምኖርበት እኔ ነኝ።»

ላሪሳ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። የሰማችው ለእሷም ጥያቄ መልስ እንደሆነ ገባት፤ አልተከራከረችም።

በማግስቱ ዱዌይን ከየምሰሶው አናት ላይ አንድ አንድ ስንዝር እየጋዘ ጣለ። ቨርና ቁራጮቹን ለቅማ በደፉ ጥግ ደረደረቻቸው። ቅዳሜ ክላረንስ ከልጆቹ ጋር መዶሻቸውን ይዘው መጡ፤ እሷም ፔሮጊ ቀቀለች። ጣውላው ሲያልቅ ክላረንስ ቢራውን ጨርሶ ባዶ ጠርሙሱን አዲሱ ወለል ላይ በጎኑ አስተኛው። አልተንከባለለም።

«ሞተህም አሸነፍከኝ፣ አንተ ሽማግሌ» አለ።

ላሪሳ እሑድ ወደ ባሕሩ ተመለሰች። ኦረስት ከእሷ ቀድሞ ሄዷል። ቨርና ቀረች።