የጥልፍ መኪናው እጀታ

ሥራነሽ የሌላ ሰው ሞረድ ያረፈበትን ብረት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስፌት መኪና የሚጠግን ሞልቷል፤ ድንኳን የሚሰፋውን፣ ኮርቻ የሚሰፋውን፣ ጥልፍ የሚጠልፈውን፣ ሌላው «ለቁራሌ ስጡት» ብሎ የተወውን አሮጌ መኪና ከሞት የምታስነሳው ግን እሷ ብቻ ናት። ሙያውን ያስተማራት ሟች ባሏ እንዳለ ነው። እንዳለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብረት ላይ የሞረድ ጭረት ካየሽ ወይ ዕቃ የቀየረ ሌባ፣ ወይ ከመዶሻ ሌላ የማያውቅ ጠጋኝ አልፎበታል፤ አጥፊው ይላት ነበር። እሷም ታጠፋዋለች። ከጥገናው ይልቅ የምትኮራው እንዲያውም በዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ ዘኪያ የምትባል ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ ተሸክማ ከቁይ ከተማ መጣች። ብርድ ልብሱ ሲፈታ ሥራነሽ አፏን ያዘች። የድሮ የጥልፍ መኪና ነው። በዚህ መኪና ጨርቁን በእጅ አይመሩትም፤ ከጠረጴዛው ሥር እጀታ አለው፣ እጀታውን ወዳዞሩበት ስፌቱ ይከተላል፤ ሐረጉም አበባውም የሚወጣው ከእጀታው ነው። ሥራነሽ በሃያ ዓመት ውስጥ ያየችው ሁለት ቢሆን ነው። ይሄኛው ዝገት በልቶት አልዞር ብሏል።

መኪናው የዘኪያ አባት የአቶ አብዱልአሊም ነው። ቁይ ውስጥ የሙስሊሟ ሙሽራ ትራስም ሆነ የክርስቲያኗ የበዓል ቀሚስ አርባ ዓመት ሙሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። ዓይናቸው ቀስ በቀስ እየፈዘዘ ሄዶ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ የለውም ብለዋል። እሳቸው ግን መጥለፋቸውን አልተዉም ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ መኪናው ዝጎ አልዞር ሲል ነው ነገር የተበላሸው። ከዚያ ወዲህ ከክፍላቸው አይወጡም፣ አይጫወቱም፣ የቀረበላቸው ምግብ ሳይነካ ይመለሳል።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ይሄ መኪና ካልተነሳ አባባም አይነሳም» አለች ዘኪያ። «እባክሽ እንደ አዲስ አድርጊልኝ።»

እንግዲህ ዓይኑ የማያይ ሰው ሐረግ እንዴት ይጠልፋል ብሎ መጠየቅ አይገባም ነበር? የቁይ ሰው አላህ የሰጠው ጸጋ ነው ብሎ አለፈው። ሥራነሽም አልጠየቀችም። እኔ የምናደድባት እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ሳምንት ሠራችው። ላምባ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀችው፣ ለተሰበረው ሞላ መተኪያ ደጀን ድረስ ወርዳ ከአንድ የብረታ ብረት ክምር ውስጥ ቆፍራ አገኘች። አንድ ማለዳ መንኮራኩሩን ገፋ ስታደርገው መኪናው ያለ ምንም ማጉረምረም ዞረ። ብቻዋን ሳቀች። እዚያው ላይ ቢበቃት ምን ነበረበት!

እጀታውን አነሳችና አገላብጣ አየችው። ዙሪያውን ተቧጥጧል፤ አንዱ ጭረት ጠለቅ ያለ፣ ሌላው ሳሳ ያለ፣ ሁለቱ የተጠጋጉ፣ አንዱ ብቻውን የራቀ። የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የተጫወተበት ብላ ተሳደበች። በያጅ ቤት ወስዳ ጭረቱን ሁሉ አስሞላች፣ በሞረድ አስተካከለች፣ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት አሸችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ቁይ ራሷ ወሰደችው። ረዳቱ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላት እምቢ ብላ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። አቶ አብዱልአሊም ጺማቸውን ተስተካክለው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ጠበቋት። መኪናው ጠረጴዛው ላይ ታሰረ። ሽማግሌው ተቀምጠው መንኮራኩሩን አንዴ አዞሩና ጆሯቸውን ሰጡት፤ ፊታቸው በራ።

«ድምፁ ተመልሷል» አሉ።

ዘኪያ ከወራት በኋላ አባቷ ሲስቁ አይታ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። የሥራነሽም ልብ በደስታ ሞላ፤ እንዳለ ይህን ቢያይ ብላ ተመኘች።

ጨርቅ ተወጠረላቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደዱና በእግራቸው ረገጡ። መርፌው ጥቂት ሄደና ሐረጉ መታጠፍ በሚገባው ላይ ሳይታጠፍ ከጨርቁ ጠርዝ ወጣ። አቆሙ። አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠራርገው እንደገና ሞከሩ። አሁንም ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ መርፌውን ሳያስነሱ እጀታውን ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲዳብሱ ቆዩ።

«ልጄ፣ እጀታውን ቀየርሽው እንዴ?» አሉ።

ሥራነሽ አልቀየርኩትም አለች። የድሮው ራሱ ነው፣ ጭረት በዝቶበት ነበር፣ አስሞልቼ አስተካክዬ... እያለች ማስረዳት ጀመረች። ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ዓይናቸው መፍዘዝ የጀመረ ጊዜ፣ ገና ጥቂት ሲያዩ፣ ጭረቱን እጀታው ላይ በትንሽ ሞረድ አንድ አንድ እያሉ ራሳቸው እንደቆረጡት ነገሯት። ቅጠሉ የሚታጠፍበት፣ ሐረጉ የሚመለስበት፣ የመስቀሉ ክንድ የሚያልቅበት፣ ሁሉም የየራሱ ምልክት ነበረው። ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለልጃቸው እንኳ አልነገሯትም፤ ያኔ ዓይናቸው መድከሙ ከታወቀ ሥራ የሚሰጠን የለም ብለው ፈርተው ነበር፤ ኋላ ሲታወቅም ምስጢሩ እንደተደበቀ ቀረ።

ሥራነሽ ሞረዷን ከቦርሳዋ አውጥታ መሬት ላይ ተንበረከከች። የት እንደነበር ይንገሩኝና ልመልሰው ብላ ለመነቻቸው። ጣታቸውን አሳረፉበት፣ ቆረጠች፤ ረገጡ፣ ሐረጉ ተጣመመ። ትንሽ ወደ ግራ አሉ፤ ቆረጠች፤ አሁንም አልሆነም። አምስት ቦታ ቆረጠች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ የምትቆርጠውን ማየት እስኪያቅታት ድረስ ቀጠለች።

«ተይው ልጄ፣ አታቁስይው» አሉ እጇን ይዘው። «የት እንደነበረ እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ጣቴ ነበር።»

አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ስለ ደከምሽው ብለው መረቋት። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሱና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዘኪያ፣ ለሚያይ ሰው ስጪው።»

ዘኪያ እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። መንገድ ላይ ሥራነሽ ይቅርታ ብትላት፣ እንደ አዲስ አድርጊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ ብላ መለሰችላት። ያለችው ከልቧ ነው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግን በመስኮቱ በኩል ቀረብ አለች።

«ተበላሽቶ እያለ እንኳ» አለች፣ «አባባ ቀኑን ሙሉ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከትቶ ነበር የሚቀመጠው። አውራ ጣቱ ሲንቀሳቀስ በጣቱ እየቆጠረ ዚክር የሚያደርግ፣ አላህን የሚያወሳ መስሎን ዝም እንለው ነበር። አሁን እጁን የት ያድርገው?»